ሰው ሳይሞት የተቀቀለ ንፍሮ

«ዝቅ በል እንጂ! አንገትህን እጠፍ!» አለች ራዲያ፣ ክንዱን ይዛ እየጎተተች።

ሙሩ አንገቱን አጠፈ። ቢያጥፍም ያው ነው፤ ረጅም ሰው ስለሆነ ከቁልቋሉ አጥር በላይ ግማሽ ራሱ ይታያል። ጭንቅላቱ ላይ የራዲያ ባል የሸምሰዲን ነጭ ኮፍያ ተደፍቷል፤ ትከሻው ላይ የዚያው የሸምሰዲን ጋቢ ተጥሏል። ከጋቢው በታች ግን የፋብሪካው ሰማያዊ ሱሪ እንዳለ ነው። የሸምሰዲን ሱሪ ከጉልበቱ አልፎ አልወርድም ስላለ እሱን መቀየር ቀርቷል። ራዲያ ዞር ብላ ባየችው ቁጥር ፊቷ ይጨማደዳል። በዚህ አለባበስ ሰበታን አታልላለሁ ብላ ያመነችው ጓዳዋ ውስጥ ሳለች ነበር፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡ እምነቷ አብሯት አልወጣም።

ከኋላቸው ጭስ ይነሣል። ሙሩ ዞሮ ማየት አላስፈለገውም። ዕድሜውን ከጥጥ ጋር የፈጀ ሰው ነውና የተቃጠለ ጥጥ ሽታ የትም ያውቀዋል። ጥጥ ሲቃጠል አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። መጋዘኑ ተያይዟል ማለት ነው። ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለው የፈትል ክፍል ነው፤ በፈትል ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘይት እየቀባ፣ ጥርሳቸውን እየቀየረ፣ ሲታመሙ አብሮ እያደረ ያቆያቸው ማሽኖች አሉ። ሆዱ ባባ። ወዲያው ደግሞ በራሱ ተናደደ፤ ነፍሱ በአፍንጫው ሊወጣ ደርሶ እሱ ለብረት ያዝናል።

ጊዜው የ2009 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ነው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳሉት ከተሞች ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ከተሰማ ጀምሮ ቁጣው በየገበሬው ደጃፍ ሲብላላ ከርሟል። ዕቅዱ ቀርቷል ከተባለም በኋላ የሄደ መሬት አልተመለሰም፤ የታሰረም፣ የሞተም ብዙ ነበር። እሁድ ዕለት ቢሾፍቱ ላይ፣ ኢሬቻን ሊያከብር ከወጣው ሕዝብ ብዙ ሰው ካለቀ ወዲህ ግን ቁጣው ከደጃፍ ወጣ። ሰኞን ሰበታ አለቀሰች። ማክሰኞ ቀትር ላይ ጎማ መንገድ መሀል ይነድ ጀመር፤ ቡራዩም ተዘግቷል፣ ሱሉልታም ተዘግቷል ይባላል። ኢንተርኔት የለም። ወሬ የሚሄደው በእግር ነው።

ሙሉ ስሙ ሙሩገሳን ነው። ሰበታ ረጅም ስም አትወድም፤ በመጣ በሳምንቱ ከወገቡ ቆርጣ ሙሩ አለችው። አገሩ ደቡብ ህንድ፣ ኮይምባቶር ከሚባል ከተማ አጠገብ ያለች መንደር ናት። እዚያ እናቱ ብቻዋን ትኖራለች፤ እዚህ እሱ ብቻውን ይኖራል። ፋብሪካው ውስጥ ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ቋንቋውን የሚሰማለት ግን አንድ ሰው አልነበረም።

ከቋንቋው የባሰው ሆዱ ነበር። ሙሩ ሥጋ አይበላም፣ እንቁላልም አይነካም። የውጭ ሠራተኞቹ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ሥጋ ያላለፈበት ድስት የለም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በዳቦና በሙዝ ገፋቸው። ሱሪው ከወገቡ ሲወርድበት በፈትል ገመድ አሰረው። እናቱ በስልክ «ምን በላህ?» ስትለው ሩዝ ይላል፣ ምስር ይላል፣ የሌለውን ሁሉ ይደረድርላታል፤ ስልኩን ሲዘጋ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሰው በአገሩ ሲራብ ጎረቤት ያውቅለታል። በሰው አገር የራበው ሰው ረሃቡን ራሱ ካልተናገረ ማንም አያውቅለትም፤ ሙሩ ደግሞ መናገሪያ ቃል አልነበረውም።

ከዚህ ያወጣችው ላሊሴ ናት። ላሊሴ የፈትል ማሽን ሠራተኛ፣ የፋብሪካው በር ጠባቂ የኦቦ ኩምሳ ልጅ ናት። ከማሽን ጀርባ ተደብቆ ሙዝ ሲልጥ አየችውና «ጾመኛ ነህ እንዴ?» አለችው። ሙሩ ያን ጊዜ የሚያውቃት ቃል አንዲት ብቻ ስለነበረች «አዎ» አላት። ነገሩ በዚያው አለቀ። ላሊሴ እጁን ይዛ ከበሩ ማዶ ወዳለው ወደ ራዲያ ምግብ ቤት ወሰደችውና «ራዲያ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው አመጣሁልሽ» አለች።

ራዲያ ዘንድ ሥጋ አለ፤ የእስላም ሥጋ ስለሆነ ግን ላሊሴ አትበላውም፤ እሷ ከዚያ ቤት የምትበላው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። ሙሩም የሚበላው እሱኑ ነው። ራዲያም እንግዶቿን አስተናግዳ ስታበቃ አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። እንዲህ ሆኖ የክርስቲያኗ፣ የእስላሟና የህንዱ እጅ በየቀኑ በአንድ ትሪ ላይ ሲገናኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ላሊሴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ!» ትለዋለች። ለምን በሞቷ እንደምትምል አይገባውም ነበር፤ እምቢ እንደማይባል ግን ቶሎ ገባው። ከበሉ በኋላ በኦሮምኛ «ገለቶሚ»፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲል ያስተማረችውም እሷ ናት። አንድም ቀን ሳይል ተነሥቶ አያውቅም። ሱሪውም ልኩ ሆነለት፤ የሚያስርበት ገመድ ጠፋ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ውለታዋን ልመልስ ብሎ ጉድ የፈላው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ሲገባ የአገሩ የዘጠኝ ቀን በዓል ደረሰ። በእሱ መንደር በዚያ በዓል ሽንብራ የማይቀቅል ቤት የለም። የሰናፍጭ ፍሬና ቃሪያ በዘይት ላይ ጣል ተደርጎበት፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ በመዳፉ እየተቀበለ ይበላዋል። ሙሩም ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ጠዋት ቀቅሎ፣ በትልቅ ሳህን ሞልቶ የፈትል ክፍሉ ውስጥ ገባ፤ ፈገግ እያለም ያዞር ጀመር። ሴቶቹ ሳህኑን አዩ። አንዷ አፏን ያዘች። ሌላዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። በዕድሜ ትልቋ ሁለት እጁን ጨብጣ «እግዜር ያጽናህ የኔ ልጅ። እናት ናት?» አለችው። ሙሩ ሙያውን ማን አስተማረህ የተባለ መሰለውና ደስ ብሎት «አዎ! እናት! እናት!» አለ። ለቅሶው ቀለጠ። ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው ሱፐርቫይዘሩ እየሮጠ መጣ።

ነገሩን የደረሰችበት ላሊሴ ናት። ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ ተቀምጣ ነው ያስረዳችው፤ እዚህ አገር እንዲህ ተቀቅሎ በመዳፍ የሚታደለው ንፍሮ የለቅሶ ቤት መሆኑን። ቢሆንም ያን ቀን ሁሉም በላለት። ላሊሴም ከተረፈው አንድ እፍኝ በወረቀት ጠቅልላ ለእናቷ ወሰደች። በማግሥቱ እየሳቀች መጣች። «እማ ከደጅ መለሰችኝ! ‹ሰው ሳይሞት ንፍሮ ቤቴ አይገባም› አለች። ደጅ ቆሜ ብቻዬን ጨረስኩት።» ሙሩም አብሯት ሳቀ።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ራዲያ ብቻዋን ነበረች። ላሊሴ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ አልገባችም፤ ኢሬቻ ሄዳ መንገድ ተዘግቶባት ይሆናል ብሎ ሙሩ ራሱን አረጋግቷል። ራዲያ ሽሮ አቀረበችለት። ጨረሰው። ጨመረችለት። በቃኝ አለ። «ጎመን እየወረደ ነው፣ ቆይ» አለችው። ጎመኑን በላ። «ምስር ልጨምርልህ፣ በሞቴ» አለች፤ ዓይኑን ግን አታየውም። ያን ያህል አስቀምጣ ባላበላችው ኖሮ በሰዓቱ ይመለስ ነበር። እሱ ሲበላ ሳለ የፋብሪካው ሚኒባስ መጥቶ የውጭ ሰዎቹን ለቃቅሞ ወጣ። ለሙሩ ደውለውለት ይሆናል፤ ስልኩ ግን እንደ ሁልጊዜው የልብስ ሳጥን ውስጥ ነበር። እሱ ምስሩን ሲጨርስ ድንጋይ የፋብሪካውን በር ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር። በዚያ ድንጋጤ ገለቶሚ ሳይል ነው ከገበታው የተነሣው።

«ራዲያ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» አለ አሁን፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«የቱ ፖሊስ? እነሱም ራሳቸውን ይጠብቁ።»

«አስፋልቱስ? አዲስ አበባ በእግር...»

«አስፋልቱ ላይ ጎማ ነው የሚነደው። ዝም ብለህ ና።»

«የት ነው የምንሄደው?»

«ኦቦ ኩምሳ ቤት» አለች ራዲያ።

ሙሩ ቆመ። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ድሮ የኦቦ ኩምሳ የጤፍ ማሳ ነበር። መሬቱ ሲሄድ የተረፈቻቸው ያቺ የበር ጥበቃ ሥራ ናት፤ በገዛ ማሳቸው ዳር ካኪ ለብሰው ይቆማሉ። አንድ ቀን ሙሩን ጠርተው በጣታቸው እያሳዩ «አራተኛው ማሽንህ ያለው በሬዎቼ ውሃ ይጠጡባት ከነበረችው ጉድጓድ ላይ ነው» ብለውታል። ሳይቆጡ ነበር ያሉት። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለው ነበር።

«እሳቸው ቤት? እሳቸው እኔን ለምን ያስገቡኛል?»

«ሌላ የማውቀው ቤት ሁሉ አስፋልት ዳር ነው።»

«ላሊሴ አለች?»

ራዲያ ፊቷን ወደ ቁልቋሉ አዞረች። «ቤቷ አይደል» አለች።

ይህን ሲሰማ እርምጃውን አፈጠነ። ላሊሴ ካለች ይህን ኮፍያ አይታ ትስቃለች። ከሳቀች ደግሞ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው።

ከቁልቋሉ አጥር ወጥተው የቀበሌውን መንገድ ሲያቋርጡ ከላይ በኩል ጎማ የሚያንከባልሉ ወጣቶች ብቅ አሉ። ራዲያ ሙሩን ከኋላዋ አደረገችው።

«ራዲያ! ማነው እሱ?» አለ አንደኛው።

«የባሌ ወንድም ነው፣ ከቡታጅራ። ታሞብኝ ነው፣ ተዉኝ ልለፍበት!»

ወጣቱ ከኮፍያው ጀምሮ ወደ ታች አየው። ዓይኑ ሱሪው ላይ ሲደርስ ቆመ። ያን ሰማያዊ ሰበታ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ረጅም ፉጨት ነፋ። ከታችኛው መንደር ሌላ ፉጨት መለሰለት።

ራዲያና ሙሩ እግሬ አውጪኝ አሉ። ጋቢው መንገድ ላይ ወደቀ፤ ያነሣው የለም። በአንድ የተከመረ ጭድ ጥግ ታጥፈው፣ የከብት ጋጣ አልፈው፣ ከኦቦ ኩምሳ ግቢ ሲደርሱ ሙሩ መጀመሪያ ያየው የእድር ድንኳን ነው። ሰው ሞልቶታል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ሙሩ መንደሩ ስለ ረብሻው ሊመክር የተሰበሰበ መሰለው። ላሊሴን በዓይኑ ይፈልግ ጀመር።

ትሪ የያዘች ሴት ከረድፉ ጫፍ እያደለች መጣች። ማንነቱን ቀና ብላ አላየችም። ለገባ ሰው ሁሉ እንደሚደረገው፣ ሙሩ ሳያስበው የዘረጋው መዳፍ ላይ አንድ እፍኝ አኖረችበትና አለፈች።

ለብ ያለ ነበር። ስንዴና ሽንብራ።

ሙሩ መዳፉን አየ። ቀና ብሎ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየ። አሁንም መዳፉን አየ። ሽንብራ የቀቀለ ሁሉ በዓል እንደሌለው ያስተማረችው ሰው ከተቀመጡት መካከል አልነበረችም። ራዲያ ላይ ዞረ። ራዲያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች።

«ዛሬ ጠዋት ነው የቀበርናት» አለች። «መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ይብላና እነግረዋለሁ አልኩ። ስትጨርስ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ እንደገና ጨመርኩልህ። ደግሞም ጨመርኩልህ። ሙሩ፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁህ።»

ቁጣ እንደ ትኩሳት ወጣበት። ነግረሽኝ ቢሆን በመኪናው እሄድ ነበር ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ ነገሩን ራሱ ሰማው፤ ላሊሴ ሞታ እሱ መጀመሪያ ያሰበው መኪና ነው። አፉን ዘጋ። እንባው መጣ። ሰው አየኝ ብሎ ሳያፍር፣ እዚያው ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። በሰው አገር ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልቅሶ አያውቅም፤ የሚያለቅስለት ሰው አልነበረውማ። አሁን ነበረው፤ ያወቀው ግን ከተቀበረች በኋላ ሆነ።

ኦቦ ኩምሳ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የበር ጥበቃ ካኪያቸውን እንደለበሱ ናቸው። ፊታቸው ላይ ጥላቻም ፍቅርም አይነበብም። አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ታኢ» አሉት። ተቀመጥ። ተቀመጠ።

ፊት ለፊት፣ ምንጣፉ ላይ፣ የላሊሴ እናት አዴ ደራርቱ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ አስረዋል። ከእሁድ ማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ከንፈራቸው ይናገራል። ትሪው በፊታቸው ሲያልፍ እጃቸውን አልዘረጉም። ሙሩን አተኩረው አዩት።

«ያን ንፍሮ ያበላሃት አንተ ነህ?» አሉት በአማርኛ።

አንዲት አሮጊት አማተቡ፤ ሌላዋ ጎረቤቷን ጎሸም አደረገች። ሰው ሳይሞት የታደለ ንፍሮ ነገር መንደሩ ውስጥ ያልተሰማ አይደለም። ያን ጊዜ ተሳቀበት እንጂ አሁን ማንም አይስቅም።

ሙሩ ይህን ጥያቄ ፋብሪካውን ካጋዩት ሰዎች ድንጋይ ይልቅ ፈራው። «አዎ» አለ። የመጀመሪያ ቀን የሚያውቃት ቃል ናት።

አዴ ደራርቱ ሳይመልሱለት ውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። ወጣቶቹ መጡ። ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ፤ ፊታቸው በጥቀርሻ ጠቁሯል፣ ዱላ የያዘ አለ፣ በውሃ ላስቲክ ቤንዚን የያዘ አለ። ከፊት የቆመው ቢቂላ ነው። ቢቂላ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ላሊሴን ለማግባት ለኅዳር ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ ይዞ ነበር። እሁድ ዕለት አብረው ነው የሄዱት። ሕዝቡ ሲገፋ እጇን ይዞ ነበር፤ ከዚያ እጇን አልያዘም። ከዚያ ወዲህ የተኛ አይመስልም።

«ኦቦ ኩምሳ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ቢቂላ። ድምፁ ጎርንኗል። «አንቱን አላስቸግርም። ያን ሰው ብቻ ስጡኝና እሄዳለሁ።»

«ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው አይጠየቅም» አሉ ኦቦ ኩምሳ።

«ለቅሶ? ይሄ? ማን ሞቶበት?» ቢቂላ በዱላው ሙሩን አመለከተ። «መሬቱ የማን ነበር፣ ኦቦ? የአንቱ አይደለም? ፋብሪካውን ማን ሠራበት? ይሄው ሱሪውን እንኳ አላወለቀም! እሷ ከአፈር በታች ሆና ይሄ እዚህ ንፍሮ ይበላል?»

የኦቦ ኩምሳ እጅ ካኪያቸው ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ሳያውቁት ይነካካል። ሙሩ ከጎናቸው ሆኖ ትንፋሻቸውን ይሰማል። ቂም እንዳላቸው ያውቃል፤ ቂማቸው ደግሞ የሐሰት አይደለም። ራዲያ ተነሥታ «እኔ ነኝ ያመጣሁት! ከመታችሁ እኔን ምቱ!» አለች፤ አንዱ ወጣት ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ገፋት። ኮፍያው ከሙሩ ራስ ላይ ወደቀ። አሁን ጭራሽ መደበቂያ የለውም። ኮይምባቶር ያለችው እናቱ ትዝ አለችው፤ ማታ ስትደውል የማይነሣውን ስልክ፣ ምን በላህ የምትለውን ጥያቄ አሰበ። መዳፉ ውስጥ ያለው ንፍሮ በላቡ ረጥቧል።

«እኔ አልፈርድም» አሉ ኦቦ ኩምሳ ቀስ ብለው። «የወለደቻት ትናገር።»

ሁሉም ወደ አዴ ደራርቱ ዞረ።

እሳቸው ቢቂላን አላዩትም። ዓይናቸው ሙሩ መዳፍ ላይ ነው።

«ባለፈው ዓመት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሽንብራ በወረቀት ይዛ መጣች። ደጅ ላይ ቆማ ‹እማ፣ ያ ጾመኛው በዓሉ ነው፤ ቅመሺለት፣ በሞቴ› አለችኝ። በሞቴ እያለችኝ እኔ በሯን ዘጋሁባት። ሰው ሳይሞት ንፍሮ ቤቴ አይገባም አልኩ። እሷ ውጭ ቆማ እየሳቀች ስትበላ እሰማታለሁ። ከእሁድ ጀምሮ ሌላ አላሰብኩም። ይሄ ሰው ነው ሞቷን በወረቀት ጠቅልሎ የላከብኝ እላለሁ። ደግሞ እተወውና ልጄ በሞቴ ብላኝ ከእጇ ያልቀመስኩ እኔ ነኝ፣ የኔ እምቢታ ነው የጎዳኝ እላለሁ። ሁለቱንም ስል አደርኩ።»

ከሩቅ፣ ከፋብሪካው በኩል፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲፈርስ ተሰማ።

«ናማ» አሉት ሙሩን። «ኮቱ። ቀረብ በል።»

ሙሩ ተነሥቶ ፊታቸው ተንበረከከ። ቢቂላ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

«ያን ቀን ከእሷ እጅ አልቀበልም አልኩ» አሉ አዴ ደራርቱ። «ከእሷ እጅ የምቀበልበት ቀን የለኝም እንግዲህ። የበዓልህን ከእጅህ የበላችው እሷ ናት፤ አንተ አጉርሰኝ።»

ያን ያህል ቀጭን ፈትል ሲቀጥሉ የኖሩ የሙሩ ጣቶች አራት ፍሬ ሽንብራ ማንሣት አቃታቸው። እንደምንም አነሣ። ወደ አፋቸው አቀረበ። ምን እንደሚባል የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያስተማረችውም እሷው ናት።

«በሞቴ» አለ።

አዴ ደራርቱ አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። ከሁለት ቀን ጦም በኋላ ነውና ለረጅም ጊዜ አላመጡ። ዋጡት። እንባቸው ያን ጊዜ ወረደ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ሴቶቹ በኋላ ሲናገሩ ተሰምቷል።

«ያንተውም ጣዕሙ እንዲህ ነው?»

«አይደለም» አለ ሙሩ። «የኔ ሰናፍጭ አለው። ቃሪያም አለው።»

«ቃሪያ» አሉ። «ቃሪያ ትወድ ነበር።»

ሙሩ ራሱን ዝቅ አደረገ። በዚያች ቅጽበት ከሞት ይልቅ ምስጋና ከበደው። ለሽሮው፣ ለጎመኑ፣ ለጉርሻው፣ ረሃቡን ሳይናገር ላወቀችለት ልጅ፣ ዛሬ መርዶ መናገር ቢያቅታት ሦስት ጊዜ ለጨመረችለት ሴት፣ እምቢ ሊሉት ሲችሉ ከእጁ ለጎረሱት እናት። የሚሰጠው ነገር የለውም። «ገለቶሚ» አለ። ከምሳ ጀምሮ ሳይል የቀረው ነው።

አዴ ደራርቱ የንፍሮውን ትሪ ከሴትየዋ ተቀብለው እጁ ላይ አስቀመጡለት። በለቅሶ ቤት ንፍሮ የሚያድለው የቤቱ ሰው ነው፤ ይህን ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ሙሩም ያውቃል። «አንተ አድል» አሉት። «ለመጣ ሰው ሁሉ።»

ሙሩ ሙሉ ቁመቱን ይዞ ተነሣ፤ ሰማያዊ ሱሪው ለሁሉም ይታያል። ከኦቦ ኩምሳ ጀመረ። ሽማግሌው ትሪውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ካኪያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው መሬት ላይ ጣሉት፤ ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። አሮጊቶቹ ተቀበሉ። ያማተቡትም ተቀበሉ። ራዲያ እያለቀሰች ተቀበለች።

ቀስ በቀስ ከድንኳኑ አፍ ደረሰ። ከኋላ የቆሙት ወጣቶች ቤንዚኑን ወደ ጀርባቸው አዞሩ። ቢቂላ አልተንቀሳቀሰም። ዱላውን የያዘበት ጡጫ ነጥቷል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ሙሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ በፊቱ ያዘለት። እጁን አላወረደም።

«ብላላት እንጂ፣ ቢቂላ» አሉ አዴ ደራርቱ ከኋላ። «አንተም አልበላህም። አየሁህ።»

ዱላው መሬት ላይ ወደቀ። ቢቂላ ያን እጇን የለቀቀ መዳፉን ለመክፈት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሲከፍት ግን ከትልቅ ሰው ሲቀበሉ እንደሚደረገው ሁለቱንም አጣምሮ ዘረጋ።